የሚኒስትሩ ሾፌር

ልቦለዴ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያስቆመው ስንፍና አይደለም፤ ስንፍና ቢሆን ኖሮ አራተኛው ላይ በቆመ ነበር። ሳንሱርም አይደለም፤ እስካሁን ሊከለክለኝ የደከመ ማንም የለም። ያስቆሙት አጎቴ ናቸው።

ታሪኩ ለልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ወዳጅ እንግዳ አይሆንም። ስሟ የማይጠቀስ አንዲት አገር አለች። ሠላሳ ዓመት የገዛ አምባገነን አለ፤ ዘመኑን በእስርና በግርፋት ያራዘመለት የጸጥታ ሚኒስትር አለ፤ ሚኒስትሩን ለመግደል የሚዶልቱ አምስት ወጣቶች አሉ። ከአምስቱ አንዱ ከሃዲ ነው። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ ያለዚያማ ማን ያነብልኛል? የከሃዲው ማንነት የሚገለጠው በአሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው፤ ብልህ አንባቢ ግን ገና በሦስተኛው እንደሚደርስበት አልጠፋኝም።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅልፍ ሲነሣኝ ኖሯል። ቁም ነገር ከሚያነቡ ጓደኞቼ ጋር ስሆን አልናገረውም እንጂ፣ ስለ ጭቆና መጀመሪያ የተማርኩት ከእነዚሁ መጻሕፍት ነው። በር በሌሊት ሲንኳኳ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን፣ ሰዎች በስልክ ስለ ጤና ብቻ ተጠያይቀው ለምን እንደሚዘጉ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዴት እንደሚሸጥ ያወቅሁት ከእነሱ ነው። ደግሞም ደስ ይላሉ። በገሃዱ ዓለም አንገታችንን ደፍተን የምናልፈውን ግፍ በወረቀት ላይ አንድ ሰው ቀና ብሎ ይመልስልናል። አንባቢው ከአልጋው ሳይወርድ ተበቅሎ ያድራል።

አሥራ አራተኛው ምዕራፍ የበቀሉ ምዕራፍ ነው። የሚኒስትሩ ጥቁር መኪና ድልድዩ ላይ ትወጣለች፤ ከድልድዩ ሥር የተቀበረው ፈንጂ ይፈነዳል። አንዲት ሴት ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ መኪናዋ ከቤቷ ጣሪያ ከፍ ብላ ስትበር ታያለች፤ ድምፁ የሚደርሳት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህች ገጽ ሦስት ሳምንት ደክሜያለሁ። በረራውን የወሰድኩት ከእውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1973 ማድሪድ ውስጥ የስፔኑ አምባገነን የፍራንኮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የአድሚራል ካሬሮ ብላንኮ መኪና ኢታ የተባለው የባስክ ተገንጣይ ቡድን ታጣቂዎች ከመንገዱ ሥር በቀበሩት ፈንጂ ተወርውራ፣ አንድ የካህናት ሕንጻ ተሻግራ በውስጠኛው ግቢ በኩል ወድቃለች። እንዲህ ያለውን ነገር ልቦለድ ጸሐፊ አይቶ አይተወውም።

ረቂቁን ለአጎቴ የሰጠኋቸው ጡረተኛ ስለሆኑና ጊዜ ስላላቸው ነበር። እርሳስ ይዘው ነው የሚያነቡት። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን አስተካክለው፣ በላስቲክ አስረው መለሱልኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ሾፌሩስ?» አሉኝ።

«የቱ ሾፌር፣ ጋሼ?»

«መኪናዋ ብቻዋን ነው ድልድዩ ላይ የወጣችው?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ቤቴ ገብቼ ረቂቁን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሾፌሩን ፈለግሁት። በ212 ገጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል። አንድ ቦታ «ሾፌሩ በሩን ከፈተ» ይላል፤ ሌላ ቦታ «ሾፌሩ ፍሬን ያዘ» ይላል። መሞቱ እንኳ አልተጻፈም። ሚኒስትሩ ሞቷል፣ አጃቢው ሞቷል፣ ድልድዩ ፈርሷል፤ ሾፌሩ ግን መሪውን እንደያዘ ከታሪኩ ወጥቷል። የማድሪዱን ታሪክ እንደገና ሳየው፣ ከአድሚራሉ ጋር ሾፌራቸውና አንድ የጥበቃ ፖሊስ አብረው ሞተዋል። በረራውን ሰርቄ ሾፌሩን ጥዬው መጥቻለሁ ማለት ነው።

አጎቴ 19 ዓመት የባለሥልጣን ሾፌር ነበሩ። ስለ ሥራቸው አያወሩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ላይ የቀረው የሱሪያቸው ጉልበት ነው። ሸሚዛቸው ነጭ፣ ጫማቸው እንደ መስተዋት የሚያበራ፤ የሱሪያቸው ጉልበት ግን በሁለቱም በኩል አቧራ የነካው፣ ጨርቁ ሳስቶ ክሩ የሚታይ ነበር። እኛ ልጆቹ ጸሎት የሚያበዙ ይመስለን ነበር። አክስቴ ጉልበቱን እየጠቀመች ሰለቻትና አንድ ቀን ከዕቃ ማሸጊያ ላይ የሁለት ጉልበት ስፋት ያለው ካርቶን ቀድዳ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን አጥፈው በብብታቸው ሸጉጠው ይወጡ ጀመር። ለጸሎት የካርቶን ምንጣፍ ምን እንደሚያደርግ ግራ ቢገባኝም አልጠየቅሁም።

የነገሩኝ ረቂቁን የመለሱልኝ ዕለት ነው። በየማለዳው፣ አለቃቸው ከቤት ከመውጣታቸው በፊት፣ ከመኪናው ሥር ተንበርክከው ያዩ ነበር። ምንም ዓይነት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ አንድ የእጅ ባትሪና ሁለት ጉልበት ብቻ። «ምን እንደምፈልግ ያሳየኝ ሰው የለም» አሉኝ። «ትናንት ያልነበረ ነገር ነበር የምፈልገው።» ጭቃው የት የት እንደደረቀ፣ የትኛው ቡሎን ዝገት እንደያዘው፣ ዘይት የምታንጠባጥበው በየት በኩል እንደሆነ በቃላቸው ይዘውት ነበር። ከዚያ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራግፈው ገብተው ይቀመጣሉ። «ቁልፉን ስታዞር ትንፋሽህን ትይዛለህ፤ ሞተሩ ሲነሣ ትለቀዋለህ። ያን ጊዜ ቀኑ ተጀመረ ማለት ነው።»

አለቃቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቅኋቸው።

«ክፉ ነበሩ» አሉኝ፣ ሳያስቡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ልጆቼን ያሳደግሁት ግን በዚያ ደመወዝ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የያዘኝን ነገር እንደ በሽታ ቁጠሩልኝ። የታሪክ መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር ሾፌሩን እፈልጋለሁ። ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ሩሲያን ውሰዱ። ኢቫን ካልያየቭ ጓደኞቹ «ገጣሚው» የሚሉት ወጣት ነበር፤ የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ የተዋጊ ክንፍ አባል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1905 የዛሩን አጎት ግራንድ ዱክ ሰርጌይን እንዲገድል ተመደበ። ፌብሩዋሪ 15 ምሽት የዱኩ ሠረገላ ወደ ቦልሾይ ቴአትር ሲቃረብ ካልያየቭ ቦምቡን ይዞ ሮጠ። ወደ ውስጥ ሲመለከት ከዱኩ ጋር ሚስቱና ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። እጁን መለሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ክሬምሊን ውስጥ ዱኩን ብቻውን አገኘውና ገደለው። ምሕረት ለምን ቢባል እምቢ ብሎ በዚያው ዓመት ተሰቀለ። ያ የተመለሰ እጅ ከመቶ ዓመት በላይ ሲደነቅ ኖሯል፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ገዳይም ቢሆን ወሰን ያለው ሰው እንዳለ የሚያሳይ እጅ ነው።

ነገር ግን «ዱኩን ብቻውን አገኘው» ስል ታሪኩ ሁልጊዜ እንደሚነገረው ነው የነገርኳችሁ። ብቻውን አልነበረም። ሠረገላ ራሱን አይነዳም። ነጂው በፍንዳታው ቆስሎ ሆስፒታል ገባ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞተ። የዱኩ ሚስት ኤልሳቤጥ የሐዘን ልብሷን አውልቃ ልትጠይቀው እንደሄደች ይተረካል። ጌታው እንዴት እንደሆነ ጠየቃት፤ «ወደ አንተ የላከኝ እሱ ነው» አለችው። ሰውየው ጌታውን እንዳዳነው እያመነ ሞተ ማለት ነው። ካልያየቭን እስር ቤት ድረስ ሄዳ ያነጋገረችውም ይህችው ሴት ናት። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ነጂውንና ገዳዩን በአንድ ሳምንት ውስጥ በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ ልቦለድ ብጽፍ በእሷ ዓይን ነበር መጻፍ የነበረብኝ።

እግረ መንገዴን ስለ ከሃዲው ልናገር። የካልያየቭ ተዋጊ ክንፍ አለቃ ዬቭኖ አዜፍ ይባላል። ባለሥልጣናትን የሚያስገድለው እሱ፣ ጓደኞቹን ለምስጢር ፖሊስ አሳልፎ የሚሰጠውም እሱ፣ ከሁለቱም ወገን ገንዘብ የሚቀበለውም እሱ ነበር። የተጋለጠው በ1908 መጨረሻ ነው፤ ያጋለጠው ቭላዲሚር ቡርትሴቭ የተባለ ጋዜጠኛ ነው፤ ማረጋገጫውን የሰጠው ደግሞ አንድ የቀድሞ የፖሊስ ኃላፊ ነው። እኔ የራሴን ከሃዲ አሥራ ዘጠነኛ ምዕራፍ ድረስ ለመደበቅ ስዳክር፣ ታሪክ ከሃዲውን የወንበሩ ራስ ላይ አስቀምጦት ነበር።

ስለ ጉልበት ሳስብ ደግሞ ጆርጅ ኤልሰር ይመጣብኛል። አናጢ ነው፤ ጀርመናዊ፤ ከማንም ጋር ሳይማከር ሂትለርን ለመግደል የወሰነ። ሂትለር በየዓመቱ ኖቬምበር 8 ንግግር በሚያደርግበት የሙኒክ የቢራ አዳራሽ ኤልሰር እራቱን ይበላል፣ ይደበቃል፣ በሩ ሲዘጋ ይወጣል፣ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ምሰሶ ሲቦረቡር ያድራል። ከ30 ሌሊት በላይ እንዲህ አደረገ። ተንበርክኮ ስለሚሠራ ጉልበቱ ቆስሎ መገለ። በ1939 ፈንጂው በታሰበለት ሰዓት 3:20 ላይ ፈነዳ፤ ሂትለር ግን በጭጋግ ምክንያት በአውሮፕላን ፋንታ በባቡር ለመመለስ ፈልጎ ንግግሩን አሳጥሮ ከ13 ደቂቃ በፊት ወጥቶ ነበር። ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከስምንቱ አንዷ አስተናጋጅ ናት።

ስለ ኤልሰር ክፉ መናገር አልችልም። እነዚያ 13 ደቂቃዎች ባይኖሩ ኖሮ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ምን ይመስል ነበር እያለ ያላሰበ የለም። ዳካው ማጎሪያ ውስጥ የተገደለው ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ግን ሳስበው፣ ያች አስተናጋጅ በዚያ አዳራሽ ስትሠራ እራት አቅርባለት ይሆን? ምናልባት አቅርባለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ለአዳራሹ ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ጁላይ 20 ቀን 1944 የጀርመን ጦር መኮንኑ ሽታውፈንበርግ ፈንጂ የያዘ ቦርሳውን ከጠረጴዛ ሥር ባስቀመጠ ዕለትም ሂትለር ተረፈ፤ ከሞቱት አራት ሰዎች አንዱ የስብሰባውን ቃል በአጭር ጽሕፈት የሚይዘው ጸሐፊ ነው። ሾፌር፣ ሠረገላ ነጂ፣ አስተናጋጅ፣ ጸሐፊ። ከኃያሉ ሰው ጎን መቆም የእንጀራ ጉዳይ የሆነባቸው ሰዎች።

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ሌላም የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ማግስቱን። በልቦለድ ፈንጂው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በታሪክ ግን የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 1942 ሁለት ቼኮዝሎቫኮች ፕራግ ውስጥ የናዚውን ሹም ራይንሃርድ ሄይድሪክን መንገድ ላይ ጠበቁት። አንደኛው ጠመንጃው ነከሰበት፤ ሄይድሪክ ሾፌሩን አቁም አለው፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። (ያችን ሐረግ ሳገኛት የራሴን ረቂቅ ያየሁ መሰለኝ።) ሁለተኛው ቦምብ ወረወረ፤ ሄይድሪክ ከሳምንት በኋላ ሞተ። ልቦለድ እዚህ ላይ ይዘጋል። ጁን 10 ቀን ግን ጀርመኖች ከገዳዮቹ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራትን ሊዲሴ የተባለች መንደር ከበቡ። 173 ወንዶች በአንድ ቀን ተረሸኑ፤ ሴቶቹ ወደ ማጎሪያ ተወሰዱ፤ 82 ሕፃናት በጋዝ ተገደሉ፤ ቤቶቹ ተቃጥለው መሬቱ ተደመደመ። ሰማንያ ሁለት። ይህን ቁጥር የሚሸከም የፍጻሜ ምዕራፍ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

የእኛን የካቲት 12 ሳስብም ያው ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ቀጥሎ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የወረደውን፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰውን ልጅም ያውቀዋል። ይህን ሳነብ በልማዴ ሾፌሩን ፈለግሁ፤ ይኸኛው ግን በሌላኛው ወገን ነበር የቆመው። ሁለቱን ወጣቶች በመኪናው ከከተማ ያወጣቸው ስምዖን አደፍርስ ነው። ጣሊያኖች ያዙት፤ አሠቃይተው ገደሉት። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ግን ከሁለቱ ስም ቀጥሎ በሦስተኛነት ሲጠራ ምን ያህል ጊዜ ሰምታችኋል? መሪ የያዘ ሰው በትክክለኛው ወገን ቢሆንም እንኳ ታሪክ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል።

እንዲህ ስል ሕይወታቸውን ለሰጡ ሰዎች ከወንበሬ ሆኜ ፈራጅ ለመሆን አይደለም። ሌሊት በሩ የተንኳኳበት ሰው ምን ማድረግ እንደነበረበት በሩ ያልተንኳኳበት ሰው ሊያስተምረው አይገባም። የእኔ ጠብ ከዘውጉ ጋር ነው፤ ይበልጥም ከራሴ ጋር። አምባገነንን አንድ ሰው አድርጌ ስለው፣ አንድ ሰው ሲወገድ የሚያልቅ ነገር አድርጌ ነው የሣልኩት። የሩሲያው ዛር አሌክሳንደር 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1881 በቦምብ በተገደለበት ዕለት ጠዋት፣ የተመረጡ ተወካዮች በሕግ ረቂቅ ላይ እንዲመክሩ የሚያስችል ሐሳብ አጽድቆ ነበር። ልጁ አሌክሳንደር 3ኛ ሐሳቡን ጥሎ የፖሊሱን እጅ አጠበቀ። ወንበሩ ባለቤት አላጣም።

ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን የተባሉ የፖለቲካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 የፀረ አገዛዝ ዘመቻዎችን መርምረው፣ ጠመንጃ ካነሡት ከአራት አንድ ያህሉ ሲሳካላቸው ሳያነሡ ከታገሉት ግን ከግማሽ በላይ እንደተሳካላቸው ጽፈዋል። ይህን ቁጥር ለልብ አንጠልጣይ ልቦለድ አፍቃሪ መንገር ሠርግ ቤት ስለ ፍቺ እንደ ማውራት ነው። አድማ ለዘውጉ አይመችም። ቤቱ የተቀመጠ ሰው እንዴት ልብ ያንጠለጥላል?

ኤል ሳልቫዶር ግን አንጠልጥላኛለች። ጄኔራል ማክሲሚሊያኖ ኤርናንዴዝ ማርቲኔዝ እ.ኤ.አ. ከ1931 መጨረሻ ጀምሮ አገሪቱን ረግጠው ገዙ። በኤፕሪል 1944 መኮንኖች በጦር መሣሪያ ተነሡባቸው፤ አመፁ ከሸፈ፤ ብዙዎቹ ተረሸኑ። ከሳምንታት በኋላ ተማሪዎች ትምህርት አቆሙ። ቀጥለው የባንክ ጸሐፊዎች፣ ሐኪሞች፣ ባለ ሱቆች፣ የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ስሙን «እጅ የማውረድ አድማ» አሉት። በሜይ መጀመሪያ ጄኔራሉ ሥልጣን ለቀው ወጡ። መድፍ ያልነቀነቃቸው ሰው ቼክ የሚጽፍላቸው ጠፍቶ ወደቁ ማለት ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሾፌሩን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ባለታሪኩ ራሱ እሱ ነው፤ ያልመጣው ሰው፣ ያልተነሣው ሞተር።

የጄኔራሉን ፍጻሜ ግን ማንም ልቦለድ ጸሐፊ ቢያመጣው «አበዛኸው» ይባል ነበር። በ1966 ሆንዱራስ በስደት ሳሉ በገዛ ሾፌራቸው በስለት ተወግተው ተገደሉ። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ደመወዙን በጊዜው ይከፍሉት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ባለፈው ወር ረቂቁን ከሣጥኑ አወጣሁት። «ሾፌሩ ፍሬን ያዘ» በሚለው ጎን አጎቴ በእርሳስ የጻፉት ማስታወሻ እስካሁን አለ፤ «በዚህ ፍጥነት ድልድይ ላይ ፍሬን አይያዝም፤ ሰውየው ሾፌር ነው ወይስ ምን?» ይላል። አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጀመርኩት። አሁን የሚጀምረው በማለዳ ነው። አንድ ሰው፣ ስም ያለው፣ በእጅ ባትሪ ከመኪናው ሥር ያያል። ጭቃው ትናንት የነበረበት ቦታ ነው። ፈንጂው ግን ያለው ከመኪናው ሥር ሳይሆን ከድልድዩ ሥር ነው፤ ይህን እኔና አንባቢው ብቻ እናውቃለን። ሰውየው ተነሥቶ ጉልበቱን አራግፎ ይገባል፤ ቁልፉን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልተጻፈችም።

ሁለቱን ገጽ ለአጎቴ ሰጠኋቸው። በመነጽራቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። እርሳሱን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ካርቶን ስጠው» አሉኝ።

ሰጠሁት።